ከአልጌው ወይስ ከአልጋው?

በሕይወቴ ለአሥራ አንድ ቀን ታላቅ ሳይንቲስት ነበርኩ። ከማክሰኞ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተራ ተማሪ ነኝ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ግን አረማመዴ ሳይቀር ተለውጦ ነበር፤ በር ስከፍት እንኳ ለታሪክ እንደሚቀረጽ ሰው ነበር የምከፍተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ፈረንሳይ አገር ሄድኩ፤ ብሪታኒ በሚባለው ምዕራባዊ ጫፍ፣ አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ። ሥራዬ በባሕር አልጌ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ለይቶ ማውጣት፣ የታወቁትን ከየወገናቸው መመደብ፣ ያልታወቀ ከተገኘ ደግሞ ባሕርይውን ገልጾ ስም ማውጣት ነው። አልጌ ማለት ያ ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያዳልጠው አረም ነው፤ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ አንዳንዱ ቀይ። እኔ የብቸና ልጅ ነኝ። ብቸና ብዙ ነገር አላት፤ ባሕር ግን የላትም። ባሕር መጀመሪያ ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ እሱንም ደመና መስሎኝ አለፍኩት።

ከተሰጠኝ የሥራ ዝርዝር ሁሉ ልቤ ውስጥ የገባው የመጨረሻው ብቻ ነበር፦ ስም ማውጣት።

እማዬ በስልክ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። "አልጌ ላይ ያለ ባክቴሪያ ነው የማጠናው" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

"አልጋህ ላይ?"

"አልጋ አይደለም እማዬ። አልጌ። ጌ!"

"እኮ። አንሶላውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው። ሰው አገር ሄዶ ቆሻሻ ላይ ተኛ አታስብለኝ።"

በጣም ሳቅኩባት። ያኔ መሳቅ እችል ነበር።

ናሙና ልሰበስብ ባሕር የወረድኩበትን ቀን ባልናገር ደስ ይለኛል፤ ግን ያዩኝ ሰዎች አሉ። ብሪታኒ ውስጥ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ በትልልቆቹ ቀናት ውሃው ሲሸሽና ሲመለስ ያለው የከፍታ ልዩነት 9 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው የሰዓት ሠንጠረዥ ይዞ ይወርዳል። እኔ የያዝኩት ሳንድዊች ነበር። ውሃው ሸሽቶ ሜዳው ሲገለጥ ለበጋው የሄደ መሰለኝ፤ እኛ አገር ወንዝ ከጎደለ እስከ ክረምት ጎደለ ነው። ቡናማውን አረም በልበ ሙሉነት ረገጥኩና በመቀመጫዬ አረፍኩ። ተነሣሁ። እንደገና አረፍኩ። በሦስተኛው መነሣቱን ትቼ ቁጭ ብዬ እየተንፏቀቅኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሩቅ የሚያዩኝ ሰዎች የሳይንስ ዘዴ ሳይመስላቸው አልቀረም። ባሕሩ ሲመለስ አንድ ቦት ጫማዬን ይዞ ሄደ። ሳንድዊቹን ግን አድኜዋለሁ።

ስድስት ከረጢት ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ከሁሉ የኮራሁባት አረንጓዴዋ ነበረች፤ ኡልቫ ትባላለች፣ ፈረንጆቹ የባሕር ሰላጣ ይሏታል። ኡልቫ ውፍረቷ ሁለት የሴል ድርድር ብቻ ስለሆነ ብርሃን ታሳልፋለች። የኔዋ ደግሞ የስስ ስስ፣ ምንም እንከን የሌለባት ነበረች። በንጹሕ የባሕር ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኳት። በመቀስ ቆራረጥኳት። ልፈጫት ስሞክር አልፈጭም አለች። "ጠንካራ ዝርያ" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ከቬትናም የመጣችው የላብራቶሪ ባልደረባዬ አንዷን ቁራጭ በመቆንጠጫ አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችና ጥጓ ላይ ያለውን ነጭ ጽሑፍ አነበበችልኝ። የአንድ ሱቅ ስም ነበር።

ፌስታል ነው። ፌስታል ከየአጥሩ ላይ እየለቀምኩ ኳስ ሠርቼ ያደግኩ ሰው፣ ፌስታል ሳይ አላወቅኩትም።

አምስት ከረጢት ቀረኝ።

ባክቴሪያ የሚዘራበት ሳህን ላይ የሚፈሰው ጄሊ አጋር ይባላል። ስሙ ባልንጀራ ቢመስልም የሚወጣው ከቀይ የባሕር አልጌ ነው። ለዚህ ሥራ እንዲውል ያደረገችው ፋኒ ሄሰ ናት። በ1881 (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሏ ዋልተር በሮበርት ኮህ ላብራቶሪ ሲሠራ፣ ባክቴሪያ የሚያበቅልበት ጄላቲን በበጋው ሙቀት እየቀለጠ አስቸገረው። እሷም ማዕድ ቤቷ ውስጥ ጣፋጭ ለማርጋት የምትጠቀምበትን አጋር ሞክር አለችው። ይኸው እስከ ዛሬ ዓለም በእሱ ይሠራል። ኮህ ግን በ1882 አጋርን በጽሑፉ ሲጠቅስ የእሷን ስም አላነሣም። ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩላት። ከዚያ ወዲያው ስለ ራሴ ስም ማሰብ ቀጠልኩ።

አንድም ሳህን ሳልዘራ የስም አወጣጡን ሕግ ጨርሼ ነበር። ስሙ በላቲን ወግ ይሁን ይላል፤ ከቦታ ከተወሰደ "ኤንሲስ" ይቀጠልበታል። በራስ ስም መሰየም ነውር ነው። ነውርነቱን ያነበብኩ ቀን እራት አልበላሁም። በማግስቱ ግን መላ መጣልኝ፦ ብቸኔንሲስ! ጮክ ብዬ ስለው ያምራል። የብቸኝነት ቃናም አለው፤ ለባክቴሪያዋም ለኔም ይሆናል። ነገሩን ለመሞከር ያህል ፕሮፌሰሯን ጠየቅኳቸው።

"ብቸና ምንድን ነው?" አሉ።

"ከተማ ነው። የኔ።"

"ባሕር ዳር ነው?"

"ዓባይ አይርቅም" አልኩ።

ለጠና ሕመምተኛ እንደሚራራ ሐኪም ራሳቸውን ነቀነቁ። "መጀመሪያ ባክቴሪያው ይገኝ" አሉ።

ልጁ ሳይወለድ ለክርስትናው ጠላ ጠምቄ መጠበቄ ነበር። ግን በዚህ ሙያ በስም ቀልድ የለም። ሳልሞኔላ የተባለው በዓሣው ሳይሆን በአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም በዳንኤል ሳልሞን ስም ነው፤ ባክቴሪያውን ያገኘው ግን በሥሩ ይሠራ የነበረው ቴዎባልድ ስሚዝ ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬን ከፕሮፌሰሯ ጠረጴዛ አርቄ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ውስጡ ስለ ፌስታሉ ከተጻፈው በቀር የሚሰረቅ ነገር አልነበረውም።

የዘራሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ደንቡን ሕፃን ያውቀዋል፦ ጓንት አድርግ፣ የሳህኑን ክዳን በጥቂቱ ብቻ ገለጥ፣ አፍህን ዝጋ፣ ቶሎ ጨርስ። እኔ ጓንቱ ያልበኛል ብዬ አውልቄ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ሰንቅሬ፣ ክዳኑን እንደ አክንባሎ አንሥቼ ወዲያ አስቀምጬ ነበር።

"እማዬ፣ ብቸናን በዓለም ላስጠራት ነው" አልኳት።

"በምን?"

"በባክቴሪያ።"

"ምን በደለችህ?"

ከሳቅ ብዛት ሳህኑ ላይ ድፍት አልኩ። ጢሜንም አክኬ ይሆናል። ደስ ሲለኝ ጢሜን አካለሁ።

በአምስተኛው ቀን፣ ያ ማክሰኞ ማለት ነው፣ ሳህኖቹን ከ20 ዲግሪው ማሞቂያ አወጣኋቸው። ነጣ ያሉ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች በቅለዋል። ሁለቱ ሳህኖች ግን ተበላሽተው አገኘኋቸው፤ ጄሊው እዚህም እዚያም ጎድጉዶ ነጠብጣቦቹ ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል። አጋር አፈሳሴ እንደማያምር ስለማውቅ፣ ማንም ሳያይብኝ አውቶክሌቩ ውስጥ ጨምሬ ቀቀልኳቸው። ማስታወሻዬ ላይ "2 ሳህን ተበላሽቷል" ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ እሷን አየኋት። ከአንዱ ሳህን ጠርዝ ላይ፣ ብቻዋን፣ ክብ፣ የምታብረቀርቅ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ። ሌሎቹን ትቼ እሷን ወደድኩ። በአንድ ቀን አሥራ ሰባት ፎቶ አነሣኋት። ስልኬ ላይ የነበረውን የእህቴን ልጅ ፎቶ አውጥቼ እሷን አስገባሁ። ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕም ላክሁ፦ "በላቤ ያገኘኋት አዲስ ባክቴሪያ።" አጎቴ "ከምን ታድናለች?" ብሎ ጠየቀ። አክስቴ አሥር ጭብጨባ ላከች። እማዬ "አንሶላውን ቀየርከው?" አለች።

ቅዳሜ ፓሪስ ሄድኩ፤ አንድ አበሻ ወዳጄ ቤት ቡና ነበር። እስከ ሦስተኛው ስኒ ሌላ ሰው አላስወራሁም። ኡልቫ ያለ ባክቴሪያ ብታድግ ቅጠልነቷን አጥታ ቅርጽ የለሽ ጓል እንደምትሆን፣ ላብራቶሪ ውስጥ ትክክለኞቹ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ሲመለሱላት ግን መልኳ እንደሚስተካከል አስረዳሁ። ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ የእኔዋም ሳትሆን አትቀርም አልኩ። ይህ እውነት አይደለም። የባለቤቶቹ የስድስት ዓመት ልጅ በመገረም ስታየኝ ቆየችና ወደ ማዕዱ ስንቀርብ፣ "እጅህን ታጥበሃል?" አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። አልታጠብኩም ነበር።

እንግዲህ ምርመራው። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ያወጣው የማቅለም ዘዴ አለ። ወይን ጠጅ ቀለም ትቀባለህ፣ አዮዲን ትጨምራለህ፣ በአልኮል ታጥባለህ፣ በመጨረሻ ቀዩን ትደግማለህ። ወይን ጠጁን የያዘ ግራም ፖዘቲቭ፣ የለቀቀ ግራም ኔጌቲቭ ነው። አልኮሉ ከጥቂት ሴኮንድ ካለፈ ግን መያዝ ያለበትም ይለቅቃል። እኔ አልኮሉን ካፈሰስኩ በኋላ ለአጎቴ መልስ እየጻፍኩ ነበር። ረጅም መልስ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም ሮዝ ሆኗል። "ግራም ኔጌቲቭ" ብዬ ጻፍኩ፤ ደስም አለኝ፤ ምክንያቱም አልጌ ላይ በብዛት የሚገኙት ቢጫዎች፣ ፍላቮባክቴሪያ የሚባሉት ወገን፣ ግራም ኔጌቲቭ ናቸው። እነሱ ግን ቅርጻቸው እንደ ዘንግ ነው። የኔዋ ድቡልቡል ናት፤ አራት አራት እየሆነች ተቃቅፋለች። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ "ያልተለመደ ቅርጽ!" ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

ከእነዚያ ቢጫዎች ብዙዎቹ የፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሲያርፍባቸው ቀለማቸው ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡናማ ይዞራል። የኔዋ ንቅንቅ አላለችም። "ቁም ነገረኛ ናት" አልኩ።

ከዚያ ጨው መጣ። የባሕር ባክቴሪያ አብዛኛው ያለ ጨው አያድግም። የኔዋ ጨው በሌለበት ሳህን ላይ ይበልጥ ወፈረች። በ37 ዲግሪ አስቀመጥኳት፤ የሰው ገላ ሙቀት መሆኑ ነው፤ የብሪታኒ ባሕር በበጋ እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። እናቷ ቤት እንደገባች ልጅ ተንፈላሰሰች። ያን ምሽት ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ቃል በቃል ይኸው፦ "ባሕር የማይፈልግ የባሕር ባክቴሪያ። እጅግ አስደናቂ።"

የቀረው ዘረ መሉ ነበር። ካርል ዎይስ በ1977 አርኪያ የሚባሉትን ፍጥረታት ከባክቴሪያ የለያቸው 16ኤስ በሚባለው የራይቦሶም አርኤንኤ ነው፤ የሱ ጂን ርዝመት 1500 ፊደል ገደማ ነው። ዛሬ ባክቴሪያ አገኘሁ የሚል ሁሉ ይህን ጂን አስነብቦ ከታወቁት ጋር ያስተያያል። ከቅርብ ዘመዱ ጋር ያለው መመሳሰል ከ98.7 በመቶ ከወረደ፣ አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላልና ልብ ይሞቃል። ቀጥሎ ሙሉ ጂኖሙ ይነበባል፤ የዚያ አማካይ መመሳሰል ደግሞ ከ95 ወይም ከ96 በመቶ በታች መሆን አለበት። ሕያው ናሙናው በሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ የባክቴሪያ ማኖሪያዎች ይቀመጣል። ከዚያ ነው መግለጫው የሚታተመው። እኔ ጂኑን እንዲነበብ ልኬ እስኪመለስ የመግለጫውን መግቢያ ጨርሻለሁ። ምስጋናውንም። ምስጋናው ከመግቢያው ይረዝም ነበር።

ውጤቱ ዓርብ ጠዋት መጣ። 99.8 በመቶ፣ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ቀሪው 0.2 በመቶ ብዙ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ የመረጃ ቋቱ ተሳስቷል የሚል። ሦስተኛውን ሐሳብ ያሰቡልኝ ፕሮፌሰሯ ናቸው። ወረቀቱን አዩ። እኔን አዩ። እጄን አዩ።

"ጓንት አድርገህ ነበር?" አሉኝ።

ማይክሮኮከስ ሉቴየስ የሚኖረው ሰው ቆዳ ላይ ነው። ቢጫ ነው፤ ድቡልቡል ነው፤ አራት አራት ሆኖ ይቃቀፋል፤ ጨው አይጠይቅም፤ የሰው ሙቀት ይስማማዋል። ግራም ፖዘቲቭም ነው፤ ለአጎቴ ባልጽፍለት ኖሮ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ያደረግኩት ምርመራ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲነግረኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እያጨበጨብኩ ያቋረጥኩት። በላቤ አገኘኋት ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ከላቤ ነው የወጣችው።

ተረቱ "ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ" ይላል። የኔ ግልባጩ ነው፤ ከገዛ ገላዬ የወጣችውን የባሕር ልጅ ናት ብዬ ክርስትና ላነሣት ነበር።

መጽናኛ ፈለግኩ፤ አገኘሁም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ጉንፋን ይዞት ሳለ የገዛ ንፍጡን ሳህን ላይ አድርጎ ነው ላይሶዛይምን ያገኘው፤ በ1922 አሳተመው። ንፍጡ ያሟሟው ባክቴሪያ ደግሞ ዛሬ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ የምንለው ነው። ይህን እየሮጥኩ ሄጄ ለባልደረባዬ ነገርኳት። "አየሽ፣ እሱም ከራሱ አካል ነው የጀመረው!"

"እሱ ንፍጡ መሆኑን ያውቅ ነበር" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሯ ማስታወሻ ደብተሬን አስመጡ። ያ ስደብቀው የኖርኩት ደብተር በመጨረሻ ጠረጴዛቸው ላይ ዋለ። ስለ ፌስታሉ በትዕግሥት አነበቡ። አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። "እነዚህ ሁለት ሳህኖች እንዴት ነው የተበላሹት?"

"ጎደጎዱ። አፈሳሴ ነው።"

"ጉድጓዱ ውስጥ ባክቴሪያ ነበር?"

"በያንዳንዱ" አልኩ፤ ቢያንስ ዓይኔ ጥሩ መሆኑን እንዲያውቁልኝ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጋር ከአልጌ ይወጣል ብዬ እኔው ነግሬያችኋለሁ። እንግዲያው አልጌ መብላት የሚችል ባክቴሪያ ሳህኑንም ይበላል፤ የቆመበትን መሬት እየበላ ይሰጥማል። እዚያው ብሪታኒ፣ ሮስኮፍ አጠገብ፣ በ1988 ከአንድ ቀይ አልጌ ላይ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ተገኝቷል። መጀመሪያ ሳይቶፋጋ ድሮባኪየንሲስ በሚባል ስም ቆይቶ፣ በ2001 ነው ዞቤሊያ ጋላክታኒቮራንስ ተብሎ አዲስ ዝርያ መሆኑ የተገለጸው። የፊት ስሙ የባሕር ባክቴሪያ ተመራማሪው የክሎድ ዞቤል መታሰቢያ ነው፤ የኋላው የሚበላውን የስኳር ዓይነት ይናገራል። በ2010 ደግሞ የቀይ አልጌን ስኳር የሚሰባብር የዞቤሊያ ጂን ዘመድ በጃፓናውያን አንጀት ባክቴሪያ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። ሱሺ የሚጠቀለልበትን የባሕር አረም ሲበሉ ኖረው፣ የባሕሩ ባክቴሪያ ሙያውን ለሆዳቸው ባክቴሪያ አውርሷል ማለት ነው። ያ ሁሉ ጉድ የጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ሥራ ነው። ለዞቤሊያ ትክክለኛ ስም እስኪወጣ 13 ዓመት ፈጅቷል። እኔ ቆፋሪዎቹን ለመቀቀል ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ግሩፑ ላይ "ትንሽ ማስተካከያ" ብዬ ጻፍኩ። "ባክቴሪያዋ ቀድማ የታወቀች ሆና ተገኝታለች።" አጎቴ "የት ነው የምትገኘው?" አለ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ "በየቦታው" ብዬ መለስኩ። ወዲያው እማዬ ደወለች።

"በየቦታው ማለት?"

"ሰው ገላ ላይ እማዬ።"

"ማን ገላ ላይ?"

ዝም አልኩ።

"ታዲያ ከአልጋህ ነዋ!"

"አልጌ" ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። "አዎ እማዬ፣ አልጋዬም ላይ አትጠፋም።"

"እኔስ መጀመሪያ ምን አልኩህ?"

ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ባሕር ወረድኩ። የሰዓት ሠንጠረዡን ይዣለሁ፣ ጓንት አድርጌያለሁ፣ ስልኬን ላብራቶሪ ትቼዋለሁ። የወደቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሳምንቱ አንዱ ሳህን ጎደጎደ። ቆፋሪዋን ባክቴሪያ ጨው ስነፍጋት አላድግም አለች፤ 37 ዲግሪ ላይ ሳስቀምጣት ሞተች፤ እንባዬ መጣ። 16ኤሱ ሲነበብ 99.6 በመቶ ከታወቀች የዞቤሊያ ዝርያ ጋር ገጠመ። አዲስ አይደለችም፤ ሌላ ሰው ስም አውጥቶላታል። ግን ከባሕር ናት። ፎቶዋን አላነሣሁም፤ እሺ፣ አራት ብቻ አንሥቻለሁ።

ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዘው የላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለአዲስ ተማሪዎች የብክለት ማስተማሪያ የተቀመጠች አንዲት ቢጫ ናሙና አለች። ባልደረባዬ በእጅ ጽሑፏ "ብቸኔንሲስ" ብላ ለጥፋባታለች። ብቸና እንግዲህ እንዳልኩት ተጠርታለች። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም።

አንሶላውን ግን ቀይሬዋለሁ።